ሰርተፍኬቱን ተዉትና ብሩሹን አሳዩን

መቼም አገራችን ወረቀት ትወዳለች። የመሸኛ ወረቀት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ፣ ብቻ ክብ ማኅተም ያረፈበት ነገር ሁሉ ደስ ይላታል። በየቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ከቅዱሳን ሥዕል ቀጥሎ የሚሰቀለው ምንድን ነው? ጋዋን ለብሰን የተነሣነው ፎቶ ነው። ስለዚህ ሜካፕ መሥራት የምትፈልግ ወጣት መጀመሪያ የምትጠየቀው «ትችያለሽ?» ሳይሆን «የት ተማርሽ? ሰርተፍኬት አለሽ?» ቢሆን አይገርመንም። አይገርመንም ማለት ግን ተስማምተናል ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ «ሜካፕ ተሰጥኦ ነው፤ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ቪዲዮ አይቶ መሥራት ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ከእነሱም ጋር አልተስማማንም።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ሙሽራ ለማስዋብ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ መሆን የለበትም። የሰው ዐይን ለመንካት ግን ፈተና ማለፍ ግዴታ መሆን አለበት። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ክርክሩ የሚደፈርሰው ሁለቱን በአንድ ድስት ስለምንቀቅላቸው ነው።

የጥቂት ሳምንት ምሩቃን

ከተማውን ትንሽ ዞር ዞር በሉበት። ከፒያሳ እስከ መገናኛ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ቦሌ፣ «የሜካፕ ሥልጠና በአጭር ጊዜ፣ ከሰርተፍኬት ጋር» የሚል ማስታወቂያ አታጡም። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አንወቅጥም። የተማሪዋን እጅ ይዛ፣ ደጋግማ አሠርታና አፍርሳ የምታስተምር ጎበዝ ባለሙያ አለች። እሷን እናከብራለን። ጥያቄያችን ስለዚያች «ከሰርተፍኬት ጋር» ስለምትል ሐረግ ነው።

የሚሸጠው ሙያ ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ሌላ ነበር። ተማሪዋ ስንት ፊት ላይ ትለማመዳለች? አንዷ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ ትይዛለች? ቅባት የሚበዛበትም፣ የደረቀም፣ ብጉር ያለበትም፣ ዕድሜ የገፋም ቆዳ ይገጥማታል ወይስ አንዲት መልከ መልካም ሞዴል ብቻ? እነዚህን የሚመልስ ማስታወቂያ ብርቅ ነው። ወረቀቱ ግን በትልቁ ይጻፋል። ሃያ ልጆች አንዲት ወንበር ከበው አንዲት ፊት ሲያዩ ይሰነብቱና በመጨረሻ ምረቃ፣ ኬክ፣ ፎቶ።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? እናት እቁብ ሲደርሳት ነው። ወይም ቤሩትና ዱባይ ሰው ቤት ከምትሠራ እህት ነው። ያ ገንዘብ ደህና የብሩሽ ስብስብ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ፋውንዴሽን፣ ጥሩ መብራት ይገዛ ነበር። የወራት ልምምድ ይሆን ነበር። ልጅቱ ግን ባዶ ቦርሳና ጥሩ ወረቀት ይዛ ትወጣለች።

ከዚያስ? ሳሎን ሄዳ ሥራ ትጠይቃለች። ባለቤቷ ምን ትላታለች? «እስቲ ነይ፣ ይቺን ሥሪያት።» ወረቀቱን ገልጣም አታየው። ልክ ናት! ውሎዋ ከፊት ጋር ስለሆነ እጅ ከወረቀት እንደሚበልጥ ታውቃለች። ታዲያ ቀጣሪዋ የማታየውን፣ ሙሽራዋ የማትጠይቀውን ወረቀት ማን ነው የሚፈልገው? የሚፈልገው የሚሸጠው ነው።

እጅ የሚማረው ከእጅ ነው

አያቶቻችን ሹሩባ ሲሠሩ የት ተመርቀው ነበር? አልባሶውን እንዲያ አስተካክላ የምታወጣዋ ሴት ሙያውን ያገኘችው ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ፣ መጀመሪያ ማበጠሪያ በማቀበል፣ ቀጥሎ የታናሽ እህቷን ጸጉር በማበላሸት ነው። በዓል ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ የማን እጅ ይሻላል የሚለውን ያውቃል። ማኅተም የሰፈሩ አፍ ነበር።

«ይህ የጓዳ ሙያ ነው» የሚለን ካለ ወደ ቅኔ ቤት እንውሰደው። በአገራችን ከከበሩት ትምህርቶች አንዱ የሚመዘነው እንዴት ነው? ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ያሰማል፤ ይታረማል፤ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። የሌላ ሰው ቅኔ ደግሞ ቢመጣ መሳቂያ ነው። ሊቅነቱ የሚታወቀው ከማን ዘንድ እንደተማረና ሲቀኝ በመስማት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ «ትምህርት አያስፈልግም» ማለት አይደለም። ዓመታት የሚፈጅ መራራ ትምህርት ነው። ትምህርትና ሰርተፍኬት አንድ አለመሆናቸውን ግን አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

ከውጭም ምሳሌ እንጥቀስ። እንግሊዛዊቷ ፓት ማክግራዝ የሜካፕ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ፣ ፋሽን ከሚወዱ እናቷ ቀለም መምረጥ ተምራ የዓለም ፋሽን መድረኮች አውራ ሆናለች፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ዘውድ የ«ዴም» ማዕረግ ተቀብላለች። ስሙ እስከ ዛሬ የመዋቢያ ምርት መለያ የሆነው ማክስ ፋክተርም ሙያውን የጀመረው በልጅነቱ ፖላንድ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጸጉር የሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ ረዳት ሆኖ ነው። አሜሪካ የገባው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይዞት የሄደውም እጁን ነበር።

ሙያው ምን እንደሆነ ከተነሣ ደግሞ ትንሽ እንዘርዝር፤ «ቀለም መቀባት» የሚመስላቸው አሉና። የፊትና የአንገት ቀለም አንድ አይደለም። ጠይምነት ራሱ ብዙ ዓይነት ነው፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ አለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ አለ። ፋውንዴሽኑ ሲሳሳት ጠይሟ ሙሽራ አመድ መስላ ትወጣለች። ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ቀለም ገበያ ላይ ለረጅም ጊዜ እንደ ልብ ስላልነበረ ባለሙያዎች ሁለት ሦስት ጠርሙስ እየቀላቀሉ ኖረዋል። ፌንቲ ቢዩቲ በ2017 እ.ኤ.አ. በ40 የፋውንዴሽን ቀለም ገበያ ሲገባ ያ ሁሉ ጩኸት የተሰማው ለዚህ ነበር። በዚያ ላይ የፎቶ ጉዳይ አለ። አንዳንድ ፓውደርና የፀሐይ መከላከያ ያለበት ቅባት የካሜራን ብልጭታ መልሶ ያንጸባርቃል፤ ሙሽራዋ በመስታወት አምራ በአልበሙ ላይ ዱቄት የተነፋባት ትመስላለች። ይህን ሁሉ የምታውቅ ልጅ ባለሙያ ናት። ከየት አወቀችው? ከትምህርት ቤት ይሁን፣ ከጓደኛዋ፣ ከቪዲዮ፣ ከመቶ ስሕተት፣ ምን አገባን?

ይህ ሁሉ ደግሞ ይታያል። ሙሽራዋ ታያለች፣ ሚዜዎቿ ያያሉ፣ አክስቶች ደግሞ ከማየት አልፈው ይናገራሉ። መጥፎ የሠራች ልጅ በሚቀጥለው ጥር ደንበኛ አታገኝም። በዐይን የሚታይ ነገር ላይ ገበያው ጨካኝ ፈታኝ ነው፤ ሌላ ፈታኝ አያስፈልገውም።

ወረቀት በር ሲሆን

«ሰርተፍኬት ግዴታ ቢሆን ምን ይጎዳል?» የሚል የዋህ ጥያቄ አለ። ሌሎች አገሮች ሞክረውት ማን እንደተጎዳ እንይ።

ሕንድ። በሙምባይ የፊልም መንደር የሜካፕ ባለሙያ ሆኖ ለመሥራት የሙያ ማኅበሩ ካርድ ያስፈልጋል። ማኅበሩ ለሴት የሜካፕ ካርድ አይሰጥም ነበር፤ ሜካፕ የወንድ፣ ጸጉር የሴት ሥራ ነው ተብሎ በደንቡ ሰፍሮ ነበር። ይህ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። ቻሩ ኩራና የምትባል ባለሙያ ካሊፎርኒያ ሄዳ የፊልም ሜካፕ ተምራ ተመለሰች፤ የትምህርት ማስረጃዋም በእጇ ነበር። ካርድ ግን ተከለከለች፤ ሴት ናታ! ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ደንቡን ሻረው። ከዚህ የምንማረው ካርዱ ከችሎታ ጋር ምንም ግንኙነት እንዳልነበረው ነው። ካርዱ በር ነበር፤ በረኞቹ ደግሞ ወንዶች።

አሜሪካ። ጄስቲና ክሌይተን ከሴራሊዮን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽታ ዩታ ግዛት የገባች ሴት ናት። በልጅነቷ አገሯ የተማረችውን የአፍሪካ ሹሩባ እየሠራች ልጆቿን ማሳደግ ፈለገች። ግዛቱ ግን «የውበት ሥራ ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ ለዚያም 2,000 ሰዓት ትምህርት ቤት ግቢ» አላት። በ2,000 ሰዓቱ ውስጥ ስለ አፍሪካ ሹሩባ የሚያስተምር ነገር ከቶ አልነበረም ማለት ይቻላል። ለማነጻጸር ያህል፣ እዚያው አሜሪካ አምቡላንስ ላይ ሕይወት የሚያድን የመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያ የሚሠለጥነው በአብዛኛው ከ200 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው። በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ፍርድ ቤት ለጄስቲና ፈረደላት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሹሩባ ሠርተው የሚያድሩ እህቶቻችን ይህን ታሪክ ሊያውቁት ይገባል።

ካሊፎርኒያም ብትሆን ለውበት ሥራ ፈቃድ የምትጠይቀውን 1,600 ሰዓት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ወደ 1,000 አውርዳዋለች። እነሱ ከረጅሙ መሰላል እየወረዱ እኛ ልንወጣበት ነው?

አዲስ አበባ ላይ ይህ በር ቢተከል ውጭ የምትቀረው ማን እንደሆነች እናውቃለን። የቦሌዋ ልጅ አትቀርም፤ ከፍላ ትማራለች። የምትቀረው ኮልፌ ወይ ኮተቤ ቤቷ ውስጥ የጎረቤት ሙሽራ እየሠራች እጇን ያፍታታችው ናት። ቤሩት ሳሎን ውስጥ አራት ዓመት ሠርታ የተመለሰችው ናት።

ማንም የማያየው ነገር

አሁን ወደ «ተሰጥኦ ይበቃል» ወገኖቻችን እንዙር። እስካሁን ሲያጨበጭቡልን ነበር፤ እጃቸውን ይሰብስቡ።

ገበያው የሚታየውን ይፈትናል ብለናል። የማይታየውንስ? እሑድ ሠርግ ነው። አንዲት ማስካራ ሙሽራዋን ተቀባች፤ ቀጥሎ አራቱን ሚዜዎች፤ ቀጥሎ የሙሽራዋን እናት። ብሩሹ ላይ የቀረውን ፓውደር ባለሙያዋ በአፏ «እፍ» አለችው። ስፖንጁ ከቅዳሜዋ ሙሽራ የተረፈ ነው። ሁሉም አማሩ፤ ፎቶው ተነሣ፤ ክፍያው ተከፈለ። ማክሰኞ ዕለት የአንዷ ሚዜ ዐይን ቀልቶ፣ ተጣብቆ ነጋ። ምን ትላለች? «እንቅልፍ ማጣት ነው።» እናቷስ? «ምች ነው» ወይም «ዐይን በልቷት ነው።» ማስካራው ማንም አፍ ላይ አይገባም! ባለሙያዋም ለሚቀጥለው እሑድ በሙሉ ስሟ፣ በሙሉ ዝናዋ ትቀጠራለች።

ዋናው ነጥባችን ይኸው ነው። ገበያ አስቀያሚውን ይቀጣል እንጂ ቆሻሻውን አይቀጣም፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ስሙን ቀይሮ ነው። ትራኮማን የመሰለ በእጅና በጨርቅ የሚተላለፍ የዐይን በሽታ ከዓለም አገሮች ሁሉ በላይ በሚበዛባት አገር ዐይን የነካን ነገር መጋራት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ዐይን ብቻም አይደለም። ሂናው ቶሎ እንዲጠቁር ፒፒዲ የሚባለው የጸጉር ቀለም ኬሚካል የሚጨመርበት «ጥቁር ሂና» ቆዳን አቃጥሎ ጠባሳ ሊጥል፣ ሰውነትን ዕድሜ ልክ ለጸጉር ቀለም አለርጂ ሊያጋልጥ ይችላል። ከባህላዊ የኩል ዓይነቶች ብዙዎቹ እርሳስ አለባቸው፤ ያውም ቀላል መጠን አይደለም። ቆዳ ለማንጣት ከሚሸጡት ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው ተገኝተዋል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። የታወቀ ምርት ስም ለጥፎ የሚሸጠው ፎርጅድ ሜካፕስ? በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከገበያ የሰበሰበው ፎርጅድ መዋቢያ ሲመረመር ባክቴሪያና የእንስሳት እዳሪ ተገኝቶበታል። እዚያ እንዲያ ከሆነ የመርካቶውን ማን መረመረው?

ቪዲዮው ይህን አያስተምርም። ቪዲዮ የሚያሳየው የሚያምረውን ነው፤ ብሩሽ የማጠብ ቪዲዮ ማን ያያል? ተሰጥኦም አያስተምረውም። ባክቴሪያ ለተሰጥኦ አያዳላም።

እንግዲህ ምን ይሁን?

የምንጠይቀው ጥቂት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በአንድ ቀን ተነብቦና ተሠርቶ የሚያልቅ፣ ርካሽ የሆነ የንጽሕናና የቆዳ ደኅንነት ፈተና ይኑር። ለመፈተን የትም መማር አያስፈልግ። የሚጠየቀውም ይህን ያህል ነው፦ እጅ መታጠብ። ብሩሽን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ በደንበኛና በደንበኛ መካከል በ70 በመቶ አልኮል ማጽዳት። ለማስካራ ለእያንዳንዷ ሰው የሚጣል ማዞሪያ መጠቀም፣ አንዴ ዐይን የነካውን መልሶ ማሰሮው ውስጥ አለመንከር። ሊፕስቲክን ከንፈር ላይ ከመጫን ይልቅ በማንኪያ ፍቆ በብሩሽ መቀባት። የተከፈተ ማስካራን ከሦስት ወር በላይ አለማቆየት። አዲስ ምርትን ከአንድ ቀን በፊት ጆሮ ሥር ሞክሮ ማየት። ዐይኗ የቀላ፣ ከንፈሯ ላይ ቁስል ያለባት ደንበኛ ስትመጣ «ዛሬ አልሠራሽም» ማለት መቻል። ይህን ለመማር ቅዳሜና እሑድ ይበቃል።

ይህ አዲስ ፈጠራም አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ራሱ ብቃት ይመዘን እንጂ የት ተማርክ አይባል የሚል መርሕ አለው፤ ሲኦሲ የምንለው ምዘናም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ከእናቷም ትማር፣ ከቤሩትም፣ ከኮሌጅም፣ ችሎታዋን ካሳየች በቃ። መርሑ ጥሩ ነው። የንጽሕናው ክፍል ለብቻው፣ በአጭሩ፣ በየክፍለ ከተማው የሚሰጥ ይሁን ነው የምንለው።

ሁለተኛ፣ ሥልጠና የሚሸጥ ሁሉ ማስታወቂያው ላይ ከሰርተፍኬቱ በፊት ሦስት ቁጥር ይጻፍ፦ የተግባር ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ተማሪዋ በእጇ ስንት ፊት እንደምትሠራ፣ አንዷ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ እንደምትይዝ። ጥሩዎቹ በደስታ ይጽፋሉ። የማይጽፉትን ያን ጊዜ እንለያቸዋለን።

«ፈተናውም ቢሆን የጉቦ ማብቀያ ይሆናል» የሚሉንን እንሰማቸዋለን። እውነት አላቸው፤ ግን ጉቦ የሚወፍረው በሩ ከፍ ሲል ነው። የአንድ ዓመት ትምህርትና ብዙ ሺሕ ብር የሚጠይቅ ፈቃድ ቢሆን መግዛት ያዋጣል። በሁለት ቀን ጥናት የሚታለፍ ርካሽ ፈተና ግን ለመግዛት ከመሯሯጥ ማለፉ ይቀላል።

«ሰርተፍኬት ከሌለ ሙያው ይናቃል» የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ሕመማቸው ይገባናል፤ «ሜካፕ ሠሪ» ተብለው በአሽሙር የሚጠሩበት አገር ነው። ግን ክብር ከላሚኔት አይመጣም። ደንበኛዋን «ዐይንሽ ታሟል፣ ገንዘብሽ ይቅርብኝ» ብላ የምትመልስ ልጅ ከየትኛው ወረቀት ያነሰ ክብር አላት?

ሦስተኛው ጥያቄያችን ለእናንተ ነው፤ ለእናንተ ለምታገቡት፣ ለምታጅቡት፣ ቀብድ ለምትከፍሉት። የወንዶች ጸጉር አስተካካዮችን አስታውሱ። ኤች አይ ቪ ያስፈራን በነበረበት ዘመን ደንበኛው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ «ምላጩ አዲስ ነው? ማሽኑ ጸድቷል?» ማለት ለመደ። አልኮልና እሳት በየጸጉር ቤቱ መስታወት ሥር ተቀመጠ። የጸጉር አስተካካዩን ዲፕሎማ የጠየቀ ግን አልነበረም። ያን ሙያ ያጸዳው የደንበኛ አፍ ነው። ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ይህ ጥያቄ ለምን ነውር ይሆናል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ «ብሩሹን በምን አጠብሽው?» ማለት ጨዋ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሠርግ ባለሙያ ስትመርጡ የሠራቻቸውን ፊቶች ፎቶ እዩ፤ ያልተቀባባ፣ በተራ ብርሃን የተነሣ ፎቶ። ቀጥሎ ቦርሳዋን እንድትከፍትላችሁ ለምኗት። ብሩሾቹ ንጹሕ ከሆኑ፣ የሚጣለው የማስካራ ማዞሪያ በፓኬት ካለ፣ አልኮሉ ጎን ላይ ከተሻጠ፣ ቀብዱን ክፈሏት። ሰርተፍኬት አላት ወይ? ካላት እሰየው። ከሌላትም ሙሽሪት፣ ፊትሽን አቅኚላትና ተቀመጪ።